«ሁሉንም ይሸከማል» እያላችሁ አትሽጡ

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት። ቅር የሚለው ሰው እንደሚኖርም አውቃለሁ። ቅር ከሚላችሁ መካከል እኔው ራሴ ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ልጆች አላችሁ፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ሱቅ ከፍታችሁ ሶላር የምትሸጡ፣ ገጠር እየወጣችሁ የምትገጥሙ። እንዲያውም በዋናነት ለእናንተ ነው የምጽፈው።

ነገሩ የአክስቴ ነው።

አክስቴ የምትኖረው ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ በሚያወጣው በኩል ነው። ገብስና ድንች አምራች ናት። የመብራት ምሰሶ ከደጇ አይታይም። በ2017 ጥቅምት ላይ ወይፈን ሸጣ ሶላር አስገባች። 100 ዋት ፓኔል፣ አንድ ቻርጅ ኮንትሮለር፣ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ፣ አራት አምፖል። ያን ሰሞን ደውላ «ልጄ፣ ሌሊት ተነስቼ ጥጃዋን በብርሃን አየኋት» ያለችኝን አልረሳውም። የልጅ ልጇ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ማታ ማታ ከኩራዝ ጭስ ተገላግላ ማጥናት ጀመረች።

እስከ ፋሲካ ምንም ችግር አልነበረም። ችግሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለበዓል ስሄድ ባዶ እጄን ከምሄድ ብዬ ቴሌቪዥን፣ ሪሲቨርና ኢንቨርተር ገዛሁላት። ስገዛ «ያላት ባትሪ 100 ነው፣ ፓኔሏም 100 ዋት ነው፤ ይችለዋል?» ብዬ ጠየቅሁ። ባለሱቁ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ስሙን አልጠራም። እየሳቀ «ችግር የለም ቲቸር፤ አያስቡ፣ ሁሉንም ይሸከማል» አለኝ።

እኔም አመንኩት። የፊዚክስ መምህሩ እርሳስ አውጥቶ ሦስት መስመር ሳያሰላ እቃውን ተሸክሞ ሄደ። ይህን የምናገረው ከሌላው የተሻልኩ እንዳልመስላችሁ ነው።

ግንቦት ላይ ቴሌቪዥኑ ዜና ሳያልቅ መጥፋት ጀመረ። ሰኔ ላይ አምፖሎቹም ደከሙ። ልጅቷ ፈተና ሊደርስ ሲል ወደ ኩራዟ ተመለሰች። ነሐሴ ላይ አክስቴ ደውላ «ልጄ፣ ሶላሩ ሞተ» አለችኝ። ወደ ሱቁ ስትልክ የተሰጣት መልስ ሁለት ነው፤ አንደኛ «ክረምት ስለሆነ ነው፣ ፀሐይ የለም»፣ ሁለተኛ «ትልቅ ባትሪ ግዙ»። ሌላ ወይፈን መሸጥ ማለት ነው እንግዲህ።

መቆጣጠሪያ ሜትሬን ይዤ ሄድኩ። ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ይሄ የአክስቴ ብቻ ታሪክ አይደለም።

መጀመሪያ ሒሳቡ። አራት አምፖል እያንዳንዱ 5 ዋት፣ በቀን 5 ሰዓት ቢበራ 100 ዋት-ሰዓት ነው። ሦስት ስልክ ቻርጅ ለማድረግ 45 እንያዝ። እስከ ፋሲካ የቤቱ ፍጆታ ይኸው ነበር፤ 145 ዋት-ሰዓት። ቴሌቪዥንና ሪሲቨር አንድ ላይ 60 ዋት፣ በቀን 4 ሰዓት፤ 240። ድምሩ 385 ይመጣል።

አሁን ማንም የማይነግራችሁን ልጨምር። ኢንቨርተር ራሱ ይበላል። ምንም ሳይሰካበት ክፍት ከሆነ ብቻ እንኳ የአክስቴ ዓይነቱ ወደ 10 ዋት ይወስዳል። አክስቴ «አጥፊው» ያላት ሰው ስለሌለ ሌት ተቀን ክፍት ነበር። 10 ዋት በ24 ሰዓት 240 ዋት-ሰዓት ነው። አያችሁ? ባዶው ኢንቨርተር ቴሌቪዥኑን ያህል ይበላል! ጠቅላላው 625 ሆነ።

ገቢውስ? እኔ ሳሰላ በእኛ ደጋ ለበጋ በቀን ወደ 6 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ፣ ለክረምት ደግሞ 3.5 ሰዓት እይዛለሁ። ፓኔሉ የተጻፈበትን 100 ዋት ሁልጊዜ አይሰጥም፤ በሙቀት፣ በአቧራ፣ በሽቦና ባትሪው ሲሞላ ከሚባክነው በኋላ ሰባት እጅ ከአሥር ቢደርስ ጥሩ ነው። ስለዚህ በበጋ 420፣ በክረምት 245 ዋት-ሰዓት።

እንግዲህ ወጪ 625፣ ገቢ 245። ይህን ለመረዳት ኢንጂነር መሆን ያስፈልጋል? በየቀኑ 380 ጉድለት ያለበት ቤት በስንት ቀን ይከስራል? 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሙሉ አቅሙ 1200 ዋት-ሰዓት ነው፤ በሦስት ቀን ባዶ!

በዚህ ላይ «ትልቅ ባትሪ ግዙ» የሚለውን ምክር አስቡት። ባትሪ ጋን ነው፤ ፓኔል ምንጭ ነው። ምንጩ በቀን አንድ እንስራ የሚያመነጭ ከሆነ፣ ቤተሰቡም ሁለት እንስራ የሚጠጣ ከሆነ፣ ጋኑን ብታተልቁት ጥማቱ የት ይሄዳል? ይህንን ምክር የሰጠ ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ እያወቀ ነው። ሁለቱም ከሻጭ አይጠበቅም።

ሁለተኛው ያየሁት ነገር የባሰ ነበር። ቻርጅ ኮንትሮለር ማለት የባትሪው ዘበኛ ነው። ቀን ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይሞላ ያግዳል፤ ሌሊት ከባትሪው ወደ ፓኔሉ እንዳይፈስ ይከለክላል፤ ባትሪው ሲደክም ደግሞ 11 ቮልት አካባቢ ሲደርስ አምፖሎቹን ይቆርጣል። ጥሩ ዘበኛ ነው። ኢንቨርተሩ ግን የሚታሰረው በዘበኛው በር አይደለም፤ ብዙ አምፔር ስለሚስብ በቀጥታ ባትሪው ላይ ነው የሚታሰረው። ርካሽ ኢንቨርተር የሚቆርጠው 10.5 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ነው። የእርሳስና አሲድ ባትሪ ሳይሠራ አርፎ ሲለካ ሙሉ ሲሆን ወደ 12.7፣ ግማሽ ሲሆን ወደ 12.2 ቮልት ያሳያል፤ 11.8 ከደረሰ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ከፊት በር ዘበኛ አቁመን ከጓሮ ግድግዳውን አፍርሰነዋል።

የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ሁለት ነገር አይወድም፤ ከግማሽ በታች መውረድና ሳይሞላ መክረም። ሳይሞላ ሲከርም ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል፤ ከተጋገረ በኋላ ብትሞሉትም አይቀበልም። የአክስቴ ባትሪ ከፋሲካ እስከ ነሐሴ አንድ ቀን እንኳ ሙሉ ሆኖ አላደረም። ስንቱን ዓመት ማገልገል የሚችል እቃ በአሥር ወር ሞተ።

ሦስተኛ፣ ከሰዓት በኋላ የባህር ዛፉ ጥላ የፓኔሉን አንድ ጥግ ይነካዋል። «ጥግ ብቻ ነው» አሉኝ። ፓኔል ውስጥ ያሉት ሴሎች ተከታትለው የተያያዙ ናቸው፤ የመስኖ ቦይ አንድ ቦታ ላይ ቢደፈን ከታች ያለው ማሳ ሁሉ እንደሚጠማው ነው። ፓኔሉ ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ደቡብ ተገትሯል። ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 10 ዲግሪ ላይ ናት፤ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ ከእኛ በስተሰሜን ነው የምትሆነው። እኛ አገር ፓኔል ትንሽ ጋደም ብሎ ነው የሚተኛው፤ ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥበው ያህል ብቻ። ቀጥ አድርጎ የሚገትረው ሰው ከአውሮፓ ቪዲዮ ላይ ያየውን ነው የሠራው።

አራተኛ፣ ፊውዝ የሚባል ነገር የለም። ባትሪው አልጋ ሥር ነበር። ይሄ ባትሪ ሁለቱ ጫፎቹ ቢነካኩ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል፤ ሽቦው ቀልቶ ቤት ያቃጥላል። ሲሞላም የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። የአንድ ፊውዝ ዋጋ ስንት ነው ወገን?

አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ።

አንድ የድሮ ተማሪዬ ውጭ አገር ይኖራል። በአንድ ወቅት ካራቫን የሚሉትን ቤት በቪዲዮ አሳየኝ፤ በመኪና የሚጎተት ጎማ ያለው ትንሽ ቤት ነው። ጡረተኞች ይዘውት በየጫካው ይዞራሉ። ውስጡን ሲያሳየኝ ሳቄ መጣ፤ ያው የአክስቴ ቤት ነው! ጣሪያው ላይ ፓኔል፣ ከዚያ ኮንትሮለር፣ ከዚያ ባትሪ፣ ከዚያ ኢንቨርተር። አራቱም እቃ አንድ ነው። ልዩነቱ ግድግዳው ላይ ያለችው ትንሽ ሰሌዳ ናት። ስንት አምፔር ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ባትሪው ከመቶ ስንት እጅ ቀረው የሚለውን ታሳያለች። አሮጊቷ ጠዋት ቡናቸውን ይዘው ቁጥሩን አይተው ነው ውሎአቸውን የሚወስኑት። ደመና ከሆነ ፀጉር ማድረቂያ አይሰኩም።

ልብ በሉ፣ እኚህ ሴትዮ ባትሪያቸው ቢደክም መኪናቸውን አስነስተው በዲናሞ ይሞሉታል። ወይም ካምፕ ገብተው ከመንግሥት መብራት ይሰካሉ። ከሰለቻቸውም ቤታቸው ይመለሳሉ። አክስቴ ዲናሞ የላትም፣ የምትሰካበት ምሰሶ የላትም፣ የምትመለስበት ሌላ ቤትም የላትም። ታዲያ ለሽርሽር የተሠራው ሒሳብ ለኑሮ ሲሆን እንዴት በዛ? ሰሌዳዋ ለእርሳቸው የሚገባ፣ ለአክስቴ ቅንጦት የሆነው በምን ሚዛን ነው?

መልሳችሁን አውቀዋለሁ፤ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ።

«ገበሬ ይሄ ሒሳብ አይገባውም» ትላላችሁ። ይቺን አባባል እባካችሁ ከአፋችሁ አውጧት። ገበሬ ማለት በታኅሣሥ የወቃውን እህል ጎተራ አስገብቶ፣ ለዘር ቀንሶ፣ ለብድር ቀንሶ፣ ለተዝካርና ለማኅበር ቀንሶ፣ የቀረውን እስከ ነሐሴ የሚያደርስ ሰው ነው። ይሄ እኮ የባትሪ ሒሳብ ነው! ጎተራው ግማሽ ሲደርስ እጁን የሚሰበስብ ሰው «ባትሪሽ ግማሽ ሲደርስ ቴሌቪዥኑን አጥፊ» ቢባል የማይገባው ምኑ ነው? ለአክስቴ ይህንኑ በጎተራ ምሳሌ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰምታኝ «ታዲያ ይሄን ያኔ አትነግረኝም ነበር?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

«ደንበኛው ርካሽ ነው የሚፈልገው» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ገንዘብ የለውም። ግን በአሥር ወር የሚሞት እቃ ርካሽ ነው እንዴ? ሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ባትሪ የገዛ ሰው ከሁሉም ውድ የሆነውን ነው የገዛው። ያገለገለ የመኪና ባትሪ «ለሶላር ይሆናል» ብላችሁ የምትሸጡትም እዚሁ ውስጥ ናችሁ። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሴኮንድ ብዙ አምፔር እንዲሰጥ የተሠራ ነው፤ ሳህኑ ስስ ነው። ቀስ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ እንዲሰጥ ስታስገድዱት ቶሎ ይሞታል። ይህን አስተምሬያችኋለሁ።

«አሁን ሊቲየም መጥቷል፣ ሁሉም ችግር ተፈትቷል» የምትሉም አላችሁ። ሊቲየም ጥሩ ነው፤ ብረትና ፎስፌት ያለበት ዓይነቱ አብዛኛውን አቅሙን ብትጠቀሙበትም ሺዎች ጊዜ መሙላትና ማውጣት ይችላል። ግን ሊቲየም ምንጩን አይጨምርም። ገቢ 245፣ ወጪ 625 ከሆነ ሊቲየሙም ይጨልማል። ኮንትሮለሩም ለሊቲየም መስተካከል አለበት። ደግሞ ይሄ ዓይነት ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ሳለ መሞላት የለበትም፤ ይበላሻል። ጮቄ ላይ ውርጭ ሲወርድ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም። ባትሪው ውጭ በረንዳ ላይ ከሆነ ጠዋት የመጀመሪያዋ ፀሐይ ትጎዳዋለች ማለት ነው። ይህን ስትሸጡ ትናገራላችሁ? ወይስ አሁንም «ሁሉንም ይሸከማል» ነው?

ሌላው ወገን ደግሞ «ታላቁ ግድብ ተመርቋል፤ ሶላር ምን ያደርጋል?» ይላል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ግድቡ ሲመረቅ እኔም እንደማንኛችሁም ደስ ብሎኛል። 5,150 ሜጋ ዋት ቀላል አይደለም። ከጮቄ የሚወርደው ውሃም ዓባይ ውስጥ አለ። ግን ተርባይን ከመሽከርከሩ እስከ አክስቴ ጎጆ ድረስ ምሰሶ፣ ትራንስፎርመርና ሽቦ ይቀራል። በ2011 የወጣው የመንግሥት ዕቅድ ራሱ አገሪቱን በሙሉ መብራት ለማዳረስ ሲያስብ፣ 35 በመቶ የሚሆነው ከዋናው መስመር ውጭ በሶላርና በመሳሰሉት እንዲዳረስ ነበር ያለመው። ስለዚህ የአክስቴ ሶላር ምሰሶ እስኪመጣ የሚጠበቅባት ማቆያ ብቻ አይደለችም፤ በዕቅድ የታሰበች መብራት ናት። ታዲያ እንደ መብራት ትከበር።

ሁሉንም በሻጭ ላይ አልደፋም። የእኔም ሙያ አለበት። ስንት ዓመት የኦምን ሕግ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ! ተማሪው ቀመሩን ሸምድዶ ፈተና ያልፋል። አንድ ቀን ግን «እናትህ ቤት ያለውን ሶላር አስላ» ብዬ የቤት ሥራ አልሰጠሁም። 60 ዋት በ220 ቮልት ሩብ አምፔር ገደማ ነው፤ በ12 ቮልት ግን 5 አምፔር ነው። ለዚህ ነው ለ220 የሚበቃው ቀጭን ሽቦ ለ12 የማይሆነው። 100 ዋት በ12 ቮልት ወደ 8 አምፔር ይሆናል፤ በ1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ 10 ሜትር ብትወስዱት ሁለት ቮልት የሚጠጋ መንገድ ላይ ይቀራል። ይህችን አንዲት ጥያቄ ፈተና ላይ አውጥቼ ቢሆን ኖሮ፣ ምናልባት ያ ልጅ «ሁሉንም ይሸከማል» ከማለቱ በፊት ቆም ይል ነበር። ያላስተማርኩትን ነው ያጨድኩት።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም።

የምትሸጡ ልጆቼ፦ ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ጻፉ። ቤቱ በቀን የሚበላው፤ ፓኔሉ በክረምት የሚያመጣው፤ ባትሪው ሳይጎዳ የሚሰጠው። በበጋ ቁጥር አትሽጡ፤ የሚገድለው ክረምት ነው። ወረቀቷን ፈርማችሁ ለገዢው ስጡ። ከእቃው ጋር የቮልት መለኪያ ጨምሩ፤ ከ12.2 በታች ያለውን በቀይ ቀለም አስምሩበት፤ ፊደል ያልቆጠረም ቀይ ያውቃል። ፊውዝ ሳታስገቡ ከቤት አትውጡ። ቴሌቪዥን ወይም ኢንቨርተር ሊጨምር የመጣን ሰው «መጀመሪያ ወረቀትህን አምጣ» በሉት፤ መምህራችሁም ቢሆን። እንጀራ ምጣድ ሊሰካ የሚያስብ ካለ ደግሞ በግልጽ «አይሆንም» በሉት፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ የሚጠይቅ ነው፤ በ100 ዋት ፓኔል ቀልድ ነው። «አይሆንም» ያለ ሻጭ አንድ ሽያጭ ያጣ ይሆናል፤ ግን ሰፈሩ ሁሉ ያምነዋል።

የምትገዙ ወገኖቼ፦ «ስንት ዋት ነው?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። «በነሐሴ ደመና ስንት ሰዓት ያበራልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ቁጥር ካልሆነ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አክስቴ ቤት ያደረግነውን ልንገራችሁና ልጨርስ። ሁለተኛ 100 ዋት ፓኔል ጨመርን። የባህር ዛፉን ቅርንጫፍ አስቆረጥን፣ ፓኔሎቹን ጋደም አደረግናቸው። ኢንቨርተሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ብቻ ይከፈታል፤ በአራት ሰዓት ውስጥ የሚበላው 40 ብቻ ሆነ። ስለዚህ የቀኑ ወጪ 425፣ የክረምት ገቢው 490። ባትሪው በዚያው በ100 መጠን ተተካ፤ ትልቅ አላስፈለገም። ባትሪውን ከአልጋ ሥር አውጥተን አየር ያለው ቦታ አስቀመጥነው፣ ፊውዝ አስገባን። የባትሪውን ዋጋ የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ ያጠፋሁትም እኔ ነበርኩና። ባለሱቁ ተማሪዬ ጋም ሄጃለሁ፤ ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሳሳየው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ «ቲቸር፣ ይቺን ወረቀት ፎቶ ላንሳት?» አለኝ። አነሳት።

የልጅቷን ውጤት አልጽፍም፤ የእሷ ነው። ግን ፈተና ሊደርስ ሲል በኩራዝ ያጠናችባቸውን ሌሊቶች ማን ይመልስላታል? ይህ ጥያቄ ከእኔ ጋር ነው ያለው፤ ዛሬ ለእናንተም አካፈልኳችሁ።

የማትስማሙ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉ፤ ደስ ይለኛል። ብቻ ቁጥር ይዛችሁ ኑ።